መጥረጊያዋ የሚቆምበት ደፍ

የሰፈሩ ሰው «እማማ ድንበር» የሚላት የጎዳና ጠራጊ፣ መጥረጊያዋ የሰው በር ደፍ አልፎ አያውቅም። ከደፉ ውጭ የሕዝብ፣ ከደፉ ውስጥ የባለቤቱ ነው ባይ ናት። ሰነፉ ጎረቤት ጥራጊውን ደፉ ላይ ቆልሎ «እማማ፣ ዛሬ እንኳ ድንበር ይሻገሩልኝ» ቢላት ስቃ ታልፈዋለች። ይህ ግትርነቷ ከሜዳ አልመጣም። በዚያ በክፉው ዘመን ወታደሮች ፍራሿን ሳይቀር ገልብጠው ፈትሸውባታል። ስለዚህ በምርጫው ሰሞን አንድ ተወዳዳሪ አደባባይ ላይ ቆሞ፣ የነፃ ሰው ቤት መንግሥት እንዳሻው የሚረግጠው አይደለም ሲል፣ ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ነበረች።

አንድያ ልጇን የዳረችው እዚያው በምትጠርገው መንገድ ላይ ለሚኖር አናጢ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እነሱ በር ስትደርስ የልጇን ጩኸት ሰማች። መጥረጊያዋን ጥላ በሩን ደበደበች። አማቿ ገርበብ አድርጎ ከፈተና ክንዱን መቃኑ ላይ ዘረጋ።

«እማማ፣ መንገዱ የእርስዎ ነው፤ ቤቱ ግን የኔ» አላት፣ ፈገግ ብሎ።

ከኋላው ልጇ አንገቷን ደፍታ ደህና ነኝ አለች። ደህና እንዳልሆነች እናት ታጣዋለች? እግሯ ግን ደፉን አላልፍ አላት።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ተረኛው ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሰጥቶ አዳመጣት። ነገር ግን የባልና የሚስት ነገር የግል ጉዳይ ነው፣ ልጅቷ ራሷ ካልከሰሰች ሰው ቤት ዘለን አንገባም አላት። የገዛ ቃሏ ነው የተመለሰላት። ሳይቃጠል በቅጠል መባሉን እያወቀች ተመለሰች።

አናጢው ልጅቷን የገደላት ዕለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ፖሊስ ገባ፣ ጎረቤት ገባ፣ ፎቶ አንሺ ገባ፤ የልጅቷን ጓዳና አልጋ ሁሉም ሳይጠይቅ ረገጠው። እማማ ድንበር ብቻ መጥረጊያዋን እንደያዘች ደፉ ላይ ቀረች። ያ ወንበር የሰጣት ፖሊስ አይቷት ወጣ።

«ይግቡ እንጂ፣ እናቴ።»

«ልጄ አሁን የሕዝብ ሆነች?» አለችው።

ፖሊሱ ከበሩ ገለል አለላት። እሷም ደፉን ተሻገረችና፣ ያ ሁሉ ሰው በጫማው ያስገባውን አፈር ከልጇ አልጋ ሥር መጥረግ ጀመረች።