ከአባቴ የወጣችው ጠጠር

ስለ ኩላሊት ጠጠር ሲወራ ዛሬም ያስጠላኛል። የሚያስጠላኝ ሕመሙ አይደለም፤ ዘመዶቼ ናቸው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ጎኑን ይዞ ሦስት ቀን መሬት ላይ ተንከባለለ፤ የቀመሰው ሁሉ ወደ ላይ አለው፤ ሽንቱ ደም መሰለ። በአራተኛው ቀን ግማሽ ሽንብራ የምታህል ሻካራ ጠጠር ሸና። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ከፖፖው ውስጥ በጣቷ ለቅማ ስኒ ውስጥ አስቀመጠቻት። እኔ የምጠጣበት ስኒ!

ጠያቂ በመጣ ቁጥር ስኒው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «ወንድሜን ድንጋይ አብልታው ነው» ትላለች አክስቴ፣ እናቴ እዚያው ቆማ እየሰማች። ጤፉን ሳታበጥር አስፈጭታ ማለቷ ነው። እናቴ ግን ዓይኗ እስኪቀላ የምታበጥር ሴት ነበረች።

አክስቴ «ትውጣልን» ስላለች፣ እናቴ ትሂድ ወይስ ትቆይ የሚለውን ለመቁረጥ ሽማግሌዎች ተጠሩ። አንደኛው ወፍጮ በመውቀር የታወቁ ነበሩ። ጠጠሯን አንስተው አገላበጧት፤ ከዚያ አፋቸው ውስጥ ከተቷት! በመንጋጋቸው ሞከሯትና ከነምራቋ ስኒው ውስጥ መለሷት።

«የወፍጮ አይደለችም» አሉ።

«እንግዲያ የአውድማ ናታ!» አለች አክስቴ።

እኔ ጓሮ ሄጄ አስመለስኩ። አባቴ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ጎኑን እያሸ አዳመጠ። ሰው ሲያዝንለት ደስ ብሎት ነበር። ከሁሉም በላይ ያስጠላኝ እሱ ነው። ትሂድ ተብሎ ተቆረጠ፤ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ወላጆቿ ሄደች።

ወር ሳይሞላ ሕመሙ ተመለሰ። ጤፉን የምታበጥረው አሁን አክስቴ ናት። በቃሬዛ ተሸክመን ከተማ ክሊኒክ አደረስነው።

«የተበላ ጠጠር ኩላሊት አይገባም» አለ የመረመረው ድሬሰር። «ይሄ እዚያው የሚሠራ ነው፤ ሽንት ሲወፍር እንደ ጨው ይጋገራል። ውሃ አይጠጡም እንዴ እርስዎ?»

አባቴ ከጠላ በቀር አፉ አያስገባም ነበር። በቀን ብዙ ጣሳ ውሃ ታዘዘለት።

እነዚያው ሽማግሌዎች እናቴ ዘንድ ሄዱ። «በድለንሻል» ያላት የለም። «ነይ እንጂ ልጄ፤ ሐኪም ውሃ አዞበታል፤ ማን ይቅዳለት?» አሏት።

መጣች። በማግስቱ እንስራ አዝላ ምንጭ ወረደች። አባቴ የመጀመሪያውን ጣሳ ጎንጨት አድርጎ ፊቱን አጨማደደ።

«ጠጠር እንዳይኖርበት ደህና አድርገሽ አጥልይው» አላት።