የፍራሽ ነጋዴዋ ፍራሽ ፍለጋ

ሐጀራ መርካቶ ተወልዳ፣ መርካቶ ተድራ፣ መርካቶ ውስጥ ፍራሽ ስትሸጥ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ከባሏ ከጁነዲን ጋር ከአንዋር መስጊድ ቁልቁል ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ስፖንጁን እስከ ጣሪያ ቆልለው እየሸጡ ልጆቻቸውን አሳድገው፣ አስተምረው፣ ድረዋል። ሙሽራ ከእሷ ይገዛል፣ አራስ ከእሷ ይገዛል፣ ቤት የቀየረ ከእሷ ይገዛል። «የአዲስ አበባ ግማሹ እኔ በሸጥኩለት ላይ ነው የሚያንኮራፋው» ትላለች ጨዋታ ሲያምራት። እሷ ራሷ ግን የመኪና ጡሩምባ ከማይሰማበት ቦታ አንድ ቀን እንኳ አድራ አታውቅም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከላይ ፍራሽ ልታወርድ መሰላል ላይ ወጥታ ወደቀች። ስብራቱ ዳነ፤ ግራ ዳሌዋ ግን ቂም ያዘ። በዚያ ጎኗ መተኛት ቀረ። ሐኪሙ «ቁጭ ካሉ ይብስብዎታል፣ ይራመዱ» ቢላት፣ ከሱቋ ትይዩ ድስትና ትሪ የምትሸጠው እስከዳር ደስታዋን አልቻለችውም። እስከዳርም ስኳር ስላለባት ተራመጂ ከተባለች ቆይታ፣ አብሯት የሚወጣ ሰው አጥታ ነበር። ሁለቱ እሁድ እሁድ በጠዋት እየተጠራሩ ከአንድ የተጓዦች ማኅበር ጋር እንጦጦን መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ሐጀራ ከሁሉ ኋላ ነበረች። እያደር መሐል ገባች። ከዚያማ እስከዳርን «ኧረ ፍጠኚ!» የምትል እሷ ሆነች።

መስከረም ሲያልቅ የማኅበሩ አስተባባሪ ወንጪ ሐይቅ ሄደን በድንኳን እናድራለን ሲል ተናገረ። ድንኳኑ ከማኅበሩ፣ መኝታው ከተጓዡ።

«እንሄዳለን» አለች ሐጀራ፣ እስከዳር አፏን ሳትከፍት።

ቤት ገብታ ለጁነዲን ስትነግረው ሻዩን አስቀመጠና ትክ ብሎ አያት።

«የጥቅምት ብርድ፣ መሬት ላይ፣ በዚያ ዳሌ?»

«መሬት ላይ አይደለም። ለጉዞ የሚሆን ቀላል ፍራሽ አለ አሉ። ርካሽ ፈልጌ እገዛለሁ።»

ይሄን ሲሰማ ብርዱንም ዳሌዋንም ረሳ። «ፍራሽ ትገዣለሽ? አንቺ? ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ ሲለምን አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ቢሰማ ምን ይለናል!»

በማግስቱ ሱቅ ሲገቡ ከጠጣሩ ስፖንጅ ቆርጦ፣ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ ጥርቅም አድርጎ አስሮ ሰጣት። ሐጀራ አዘለችው። የመስቀል ሙክት ያዘለች መሰለች። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ተቀረቀረች፤ ጁነዲን ከኋላ ሲገፋ፣ እስከዳር ከውጭ ስትጎትት፣ ሲባጎው ተበጠሰና ስፖንጁ ተዘርግቶ ሦስቱንም ግድግዳ አስደገፋቸው። ሳቃቸው እስኪያልፍ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ደጅ ቆሞ ጠበቀ።

«በቃ ግዢ» አለ ጁነዲን እንባውን እየጠረገ።

መጀመሪያ የሄዱት ምን አለሽ ተራ ነው፤ ያገለገለ ነገር እዚያ ስለማይጠፋ። አንዱ ነጋዴ ከብረታ ብረቱ ስር የተጠቀለለ የአየር ፍራሽ ጎትቶ አወጣላቸው። እንደ አሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ እዚህም እዚያም ተለጥፏል። እስከዳር ልጥፉን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «ይሄ እንኳን እኛን ሊሸከም፣ እሱም እንደኛ ተራመድ የተባለ ነው» አለች። ተሰናብተው ወጡ።

ዱባይ ተራ ከአንዱ ሕንፃ ላይ የጉዞ ቦርሳና ጫማ የምትሸጥ ሱሀይር የምትባል ወጣት አገኙ። ሱቋ ትንሽ ናት፤ ትዕግሥቷ ግን ሰፊ። ሐጀራ ስለ ዳሌዋም ስለ ኪሷም ሳትደብቅ ነገረቻት። ልጅቷ ሦስት ዓይነት አወጣች።

«ይሄ እንደ ቅጠል የሚተጣጠፈው ከሁሉ ርካሹ ነው፣ አይበሳም፣ አይተነፍስም። ግን ስስ ነው። ይሄ ደግሞ በአፍ የሚነፋው ወፍራም ነው፤ ውስጡ ባዶ አየር ስለሆነ ግን ለብርድ ቦታ ብዙም አልመክርዎትም፣ ከስር ይቀዘቅዛል። ይሄኛው ራሱ የሚነፋው ነው።»

«ራሱ? ማን ነፍቶት?»

«ማንም። ቫልቩን ይክፈቱትና ይመልከቱ።»

ሐጀራ ከፈተች። ተጠቅልሎ የነበረው ነገር ሽሽሽ እያለ፣ እንደሚያፋሽክ ሰው ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ሐጀራ አንድ እርምጃ አፈገፈገች። «አዑዙ ቢላህ!»

«ውስጡ ስፖንጅ ስላለ ነው እማዬ» አለች ሱሀይር እየሳቀች። «ሲጠቀለል ይታመቃል፤ ሲከፍቱት ወደ ቦታው ልመለስ እያለ አየር ይስባል።»

«ስፖንጅ!» ፊቷ በራ። ሰው አገር ሄዶ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ጫን፣ ለቀቅ፣ እንደገና ጫን አደረገችው። ዘመድነቱን አረጋገጠች።

ቀሪው መተኛት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ለደንበኞቿ «ፍራሽ ሳይተኙበት አይገዛም፣ ይሞክሩት» ስትል ኖራለች። ወንዶቹ ዘፍ ይሉበታል፤ ሴቶቹ ግን አፍረው በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉና ይከፍላሉ። ምን ያሳፍራቸዋል እያለች ትገረም ነበር። አሁን ኮሪደሩ ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ሲተራመስ አየች፤ ሂጃቧን አስተካከለች፤ እንደገና አስተካከለች። ነገሩ የገባት እስከዳር ነጠላዋን አውልቃ እንደ መጋረጃ ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች።

«በይ ተኚ። ያየ ይይ።»

ስሱ ላይ በግራ ጎኗ ስትተኛ አጥንቷ ሲሚንቶውን አገኘው፤ ኡፍ ብላ ተነሳች። ራሱ የሚነፋው ላይ ደግሞ መጀመሪያ ጣውላ ሆነባት። ሱሀይር ተንበርክካ ቫልቩን ለአፍታ ከፍታ ዘጋችው። አየሩ ትንሽ ሲቀንስ ዳሌዋ ሰመጥ አለ፤ ትከሻዋ ቦታ አገኘ። ሐጀራ ዓይኗን ጨፈነች። ሳትነሳ ስትቆይ እስከዳር በነጠላው በኩል አንገቷን አስገብታ «ሐጁዬ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» አለቻት።

ጠባቡ ሲገላበጡ ይጥላል፣ ሰፊው ደግሞ ዋጋው አልቀመስ አለ። በመጨረሻ ሱሀይር ለማሳያ ተሰቅሎ ፀሐይ ቀለሙን የነጠቀው አንድ ሰፋ ያለ አወረደችና ቀንሳ ሰጠቻቸው። «ቤት ውሰዱትና ሌሊቱን ተነፍቶ ይደር። አየር ካስወጣ መልሱልኝ» አለቻቸው።

ማታ ሳሎን ላይ ሲዘረጋ ጁነዲን ዞር ዞር ብሎ አየው። «ይቺ ላስቲክ ናት ሰው የምትሸከም?» አለና ሄዶ ተኛ።

ሐጀራ ለሱብሂ ሶላት ስትነሳ ባሏ ከጎኗ የለም። ሳሎን ብትወጣ ጋቢውን ተከናንቦ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ወገቡን ያሻል። ከስሩ ፍራሹ እንደ ምንጣፍ ተንጣሏል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሞከርኩልሽ። ሰው ሳይተኛበት አየር ቢይዝ ምን ይጠቅማል ብዬ ነው። መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር። ኋላ ሲሚንቶው መጣ።»

በሳቅ ፈነዳች። ሊነሳ ሲል ግን ሶፋውን ተደግፎ ግማሽ ድረስ ብቻ ቀና ማለቱን አየችና ሳቋ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ! ወገብህን እያወቅህ? ሲተነፍስብህ ለምን አልጋህ አልተመለስክም?»

«ከተነፈሰ በኋላ ምን ያህል እንደሚያስተኛ ማወቅ ነበረብኝ» አለ አይኗን ሳያይ። «አያስተኛም። አንቺ እዚያ ጫካ መሐል ከምታውቂው እኔ እዚህ ባውቀው ይሻላል።»

ሐጀራ ክንዱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ አስነሳችው፤ ከሶላት በኋላም ቅባት አምጥታ ወገቡን አሸችው። እሱ ደግሞ ጎማ የሚጠግኑ ጎሚስታዎች እንደሚያደርጉት ሳሙና በጥብጦ ፍራሹን ነፍቶ ሲቀባው፣ ቫልቩ ስር አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«እኔ እመልሰዋለሁ» አለ፤ ብትለምነው አልሰማም።

ከረፋዱ በኋላ እስከዳር ለራሷ ጉዳይ ዱባይ ተራ ደርሳ እያለከለከች ተመለሰች። «ሐጁዬ፣ ባልሽን ጉድ አየሁት! ጋሽ ጁነዲን ሱሀይር ሱቅ ውስጥ ተጋድሟል። ሰው ከቦታል። በአንድ እጁ ሻይ ይዟል!»

«ምን ሲሆን?»

«ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ ወዲያው ቀይራለታለች። እሱ ግን ይሄኛውም ካልተሞከረ አልወስድም ብሎ በግራ ጎኑ ተኝቶ አልነሳ አለ። ‹ጋሼ፣ ግራ ጎንዎን ያምዎታል እንዴ?› ብትለው ምን አለ መሰለሽ? ‹እኔን አይደለም፣ ሚስቴን ነው።›»

ሐጀራ ለደንበኛ የምትለካውን ስፖንጅ ይዛ ቆመች። ስንት ክንድ ለክታ እንደነበር ጠፋባት፤ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ወንጪ የደረሱት ቀኑ ዘንበል ካለ በኋላ ነው። ቁልቁለቱን በእግራቸው ወርደው ሣሩ ላይ ድንኳን ተከሉ። ሐጀራ ፍራሿን ከፈተች፣ ሽሽሽ ማለቱ ሲያበቃ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ጨመረችበት፣ ተኝታ አየችው፣ ጥቂት አስተነፈሰችው። ዙሪያዋ የነበሩት ተጓዦች አይተው «ለእኛም፣ ለእኛም» ሲሏት ከድንኳን ድንኳን እየዞረች የሁሉንም አስተካከለች።

ጎህ ሲቀድ ነቃች። መጀመሪያ የሰማችው ምንም አለመሰማቱን ነው። ቀጥሎ የተኛችው በግራ ጎኗ መሆኑን አስተዋለች። ድምፅ ሳታሰማ ወጣች፤ በቀዝቃዛው ውኃ ውዱእ አድርጋ ጤዛው ላይ መስገጃዋን አነጠፈች። ስታበቃ ጉሙ ከሐይቁ ላይ እየተነሳ ነበር። ስልኩ ኔትወርክ እስኪይዝ ጉብታውን ወጣችና ደወለች። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

«አደርሽ?»

«አልሀምዱሊላህ፣ አደርኩ።»

«ዳሌሽስ?»

«ረስቼው ነበር፣ አሁን አንተ አስታወስከኝ።»

ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ሰማች። ከኋላው የጋሪ ገፊ «መንገድ! መንገድ!» ይላል፤ የሱቃቸው የብረት መዝጊያ ሲከፈት ይንቋቋል።

«እኔ ግን ቤቱ ሰፋብኝ» አለ ጁነዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ከቆምሽበት ምን ይታያል?»

ነገረችው። ውኃው ገና ጠቆር እንዳለ፣ ጉሙ መሐሉ ላይ እየተከፈለ ደሴት ብቅ እያለች እንደሆነ፣ ማዶ ገደሉ ላይ ገብሱ ቢጫ መሆኑን፣ አንድ ፈረስ ውኃ ዳር ብቻውን ቆሞ እንደሚጠጣ። አንድ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቅ ተሰማት።

«ደንበኛህን አስተናግድ እንጂ» አለችው።

«ይጠብቃል» አለ ጁነዲን። «ፈረሱ ምን ዓይነት ነው?»