የአልጋው ብረት ሲንኳኳ

ፀደይ ሀይለየሱስ በሰው ባል ወይም በሰው ወርቅ ቀንታ ቢሆን ኖሮ ጅቡቲ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ የሚገረም ሰው አይኖርም ነበር። እሷ ግን የቀናችው በገዛ እህቷ ነው፤ ያውም አባታቸውን ከሞት አፋፍ መልሳ ባመጣችው እህቷ። እንዲህ ያለ ቅናት ለጎረቤት አይወራ፣ ለንስሐ አባት አይነገር ነገር ነው። ዋጥ አድርጎ መቀመጥ ብቻ። ፀደይም ያ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ንፋስ የነፈሰበት ምሽት እስኪመጣ ድረስ ዋጥ አድርጋው ተቀምጣ ነበር።

አባቷ አቶ ሀይለየሱስ የባቡር ሰው ናቸው። አያታቸው ሐዲዱ ሲዘረጋ አብረው ወርደው እዚሁ ጅቡቲ ቀሩ፤ አባታቸውም እሳቸውም በባቡሩ እንጀራ አደጉ። በወጣትነታቸው ሥራቸው መስማት ነበር። ባቡር ጣቢያ በገባ ቁጥር እጀታው የረዘመ መዶሻ ይዘው ከፉርጎ ፉርጎ እየሄዱ መንኮራኩሩን አንድ በአንድ ይመታሉ። ደህናው ብረት ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። አሮጌው ባቡር ቆሞ መዶሻው ጓዳ ከገባ በኋላ እንኳን የገዙትን ድስት ሳይቀር በጣታቸው ኳ አድርገው ሳይሰሙ ቤት አያስገቡም ነበር።

የራሳቸው ሳንባ ሲታመም ግን ቀድመው አልሰሙትም። ሐኪሞቹ በፈረንሳይኛ ረጅም ስም ሰጡት። ፀደይ ለሰው ስታስረዳ «ሳንባው እየጠጠረ ነው፣ አየር አልገባ አለው» ትላለች። በሽታው መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ከለከላቸው፤ ቀጥሎ ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ፤ በመጨረሻ ወሬ። ወሬ የሚወዱት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ መሐል ላይ የሚያርፉ ሆኑ። እሱም ሲያቅታቸው የጋብቻ ቀለበታቸውን በአልጋው ብረት ላይ መምታት ጀመሩ። አንዴ ከመቱ ውሃ ነው። ሁለቴ ከመቱ ነይ ማለት ነው። ይህንን ማንም ተቀምጦ አልተስማማበትም፤ በአባትና በልጅ መካከል እንዲሁ መጣ።

እናታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ታናሽ እህቷ ዝማሬ ዱባይ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ስለዚህ ሁሉ ነገር ፀደይ ላይ ወደቀ። የጨርቅ ሱቅ ሥራዋን ተወች። ያጫት ሰው ሲጠብቅ ሲጠብቅ ቆይቶ ድሬዳዋ ሄዶ ሌላ አገባ። ሐኪም ቤት አባቷን ደግፋ የምትገባ፣ የሐኪሙን ፈረንሳይኛ የምትፈታ፣ በሐምሌ ሙቀት መብራት ሲጠፋ የአባቷን የኦክስጅን መሣሪያ ገመድ በግንቡ ላይ ወርውራ ከጎረቤቷ ከኡሙልኸይር ጄኔሬተር ላይ የምትሰካ እሷ ናት። የመሣሪያው ድምፅ ካልተሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ይከብዳት ነበር፤ ቢሆንም ያ ቤት ያለ እሷ እንደማይተነፍስ ታውቅ ነበር፤ ማወቋም ያኮራት ነበር።

ከዚያ የህንዱ ጉዳይ መጣ። ሳንባ የሚቀየርበት ሐኪም ቤት ተገኘ፤ ዘመድ አዝማዱ ተረባረበ፤ የቀረው አብሮ የሚሄደው ሰው ነበር። ፀደይ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ጠርጋለች።

«እዚያ ፈረንሳይኛ የሚሰማ የለም» አላት ሐኪሙ። «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ነው የሚያስፈልገው።»

አባቷ ከአልጋው ላይ ሆነው «ዝማሬ...» አሉ። አረፉ። «ዝማሬ ትሂድ።»

አለቀ። ስንት ዓመት ሐኪም ስታናግር የኖረች ሴት በቋንቋ ተበለጠች። ፀደይ ሻንጣውን ለአባቷ አደረገችው። ልብሳቸውን እያጣጠፈች ስትከት ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ሸኚዎቹም «እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ ናት» ተባባሉ።

እነሱ ህንድ ሆነው ሳንባ በጠበቁባቸው ወራት ሁሉ ቤቱ ጭር አለ። መሣሪያው ጥግ ላይ ዝም ብሎ ቆመ፤ ፀደይም ዝም ብላ ታየዋለች። አንድ ቀን ዝማሬ እያለቀሰች ደወለች፤ ሳንባ ተገኝቷል። ስሙን የማያውቁት ሰው ሞቶ ቤተሰቦቹ እሺ ብለዋል። ፀደይ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለዚያ ሰው ነፍስ ሻማ አበራች፤ ለአባቷም አበራች። ለዝማሬም ልታበራ አስባ ሻማው አለቀባት። እውነቱን ለመናገር ሌላ ገዝታ ማብራት ትችል ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጥቂት ከርመው አባቷ በስልክ ስክሪን ብቅ አሉ። ከስተዋል፤ አፋቸው በጭንብል ተሸፍኗል፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል።

«ፀደይ፣ እህትሽ ባትኖር ኖሮ ዛሬ አታዪኝም ነበር» አሏት።

ከዓመታት በኋላ መሐል ላይ ሳያርፉ የጨረሱት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር። እሱም ስለ እህቷ ሆኖ ቁጭ አለ። ፀደይ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ስልኩ ሲዘጋ አለቀሰች፤ ለደስታው ይሁን ለቅናቱ ራሷም አለየችውም።

ሲመለሱ ሰፈሩ እልል አለ። ኡሙልኸይር ከደጃፏ ሆና «ማሻላህ፣ ሙስዬ ሀይለየሱስ፣ ልጅዎ ዝማሬ ወርቅ ናት» አለች፤ ያ ሁሉ ገመድ በግንቧ ላይ ያለፈው በማን እጅ እንደሆነ የረሳች ይመስል። ዝማሬ ወደ ሥራዋ ከመመለሷ በፊት በከረመችባቸው ቀናት ደግሞ ይባስ አለ። ፀደይን ቧንቧ አጠገብ አቁማ «እጅሽን እንዲህ ነው የምትታጠቢው» ብላ በጣቶቿ መሐል ሳሙና እየፈተገች አሳየቻት። ልክ ነበረች፤ አባታቸው ከትንሽ ጀርም መጠበቅ አለባቸው። ፀደይ ግን የሰማችው ሌላ ነው፤ እጅሽ ቆሻሻ ነው የሚል።

ከሁሉ የሚብሰው የማታው ኪኒን ነበር። ሰውነት አዲሱን ሳንባ እንደ ባዕድ እንዳያባርረው በየዕለቱ ሰዓቱን ጠብቆ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ዝማሬ በዚያ ሰዓት ከዱባይ ትደውላለች። አባት ኪኒኑን ለካሜራው ያሳያሉ፤ ይውጣሉ፤ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው «አአ» ይላሉ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። በስክሪኑ ላይ ከፀደይ የሚታየው ብርጭቆ የያዘው እጇ ብቻ ነው።

አባቷ ብረቱን መምታትም ተዉ። አሁን ድምፅ አላቸው። «ፀደይ!» ብለው ሲጣሩ ከግቢው ውጭ ይሰማል። ሰው ሁሉ የሚጠራበት አጠራር ነው፤ ሠራተኛም እንዲሁ ትጠራለች። ቀለበቱ ጣታቸው ላይ አለ፤ ብረቱም አለ። ከሳንባቸው ጋር እኔንም ቀየሩኝ ትላለች በሆዷ።

በዚያ ምሽት ካምሲን ቀኑን ሙሉ ሲነፍስ ውሎ ኔትወርክ ጠፋ። የኪኒኑ ሰዓት ደረሰ፤ ስልኩ ዝም አለ። ፀደይ ብርጭቆውንና ኪኒኑን ይዛ ገባች።

«ዝማሬ ትደውል» አሉ አባቷ።

«ኔትወርክ የለም አባባ።»

«ትንሽ እንጠብቃት።»

«ሰዓቱ አይለፍ ተብሏል አይደል እንዴ?»

«ትደውላለች እኮ።»

ይህን ጊዜ ፀደይ «እንግዲያው ጠብቃት» ብላ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጋ ወጣች። ግቢው ውስጥ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠች። ንፋሱ አሸዋ ፊቷ ላይ ይበትናል። ለአንዲት አፍታ «ይለፍ» አለች በልቧ። ይለፍና ይታይ፣ ይህንን ሳንባ እዚህ የሚጠብቀው የማን እጅ እንደሆነ። ምን እንዳሰበች ሲገባት ደነገጠች። ግን አልተነሳችም። ጀምበር ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ አዛኑ አለቀ፤ አሁንም አልተነሳችም።

ኳ። ኳ።

ከአልጋው ብረት ነው። ፀደይ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም፤ ሳጥኑ ተንከባልሎ እሷ በሩ ላይ ነበረች። ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ አገኛቸዋለሁ ብላ ነበር የገባችው። አባቷ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ በደንብ ይተነፍሳሉ፤ ቀለበታቸው ብረቱ ላይ ነው።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አትጠራኝም? ድምፅ አለህ እኮ።»

«ብጠራሽ ትመጪ ነበር?»

አባቷ እጃቸውን ዘረጉ፤ ኪኒኑን አቀበለቻቸው፤ ዋጡት። ውሃ ተጎንጭተው ብርጭቆውን መለሱላት።

«ህንድ ከቀዶ ጥገናው የነቃሁ ዕለት» አሉ፣ «አፌ ውስጥ ቱቦ ነበር፤ መናገር አልችልም። ብረቱን መታሁ። ሁለቴ። ዝማሬ ውሃ አመጣች፤ ውሃ ደግሞ ተከልክያለሁ። ደግሜ መታሁ። ትራስ አመጣች። ደግሜ መታሁ፤ ነርሷን ጠራች፤ ነርሷም አልገባትም። በመጨረሻ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ‹ፀደይ ብትሆን ይገባት ነበር› አለች። ‹ሁልጊዜም ያንተ ነገር የሚገባው ለሷ ነው› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብረት አልመታሁም። ልጅቷን ማሳቀቅ ሆነብኝ።»

«ለኔ አልነገረችኝም።»

«እንዴት ብላ ትንገርሽ? ትቀናብሻለች እኮ። አንቺ ከኔ ጋር አንድ ቤት ነሽ፤ እሷ ያለቻት ይቺ ኪኒን ናት። ለዚህ ነው ትደውል የምለው።»

ፀደይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንድ ነገር ግን አልገባትም።

«ምን ፈልገህ ነበር ያኔ?» አለች።

«ሁለቴ ምን ማለት ነው?»

«ነይ።»

«እሱን ነዋ።»

ፀደይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ህንድ አገር፣ ባሕር ማዶ፣ የማታውቀው አልጋ ላይ ተጠርታ ኖሯል፤ እሷ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብላ በሻማ ስትሰስት ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ኔትወርኩ ተመልሷል። የዝማሬ ፊት ስክሪኑን ሞላው፤ የሆቴሉን ልብስ እንደለበሰች ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«አባባ፣ ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰለህ! ኪኒኑ? ሰዓቱ አለፈ እኮ! ሳልደውል አትውጥም አይደል? በኔ ምክንያት...»

አባት ፀደይን አዩ። «ውጧል፤ እኔ ሰጥቼዋለሁ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ስንት ወር ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ነው፤ ያውም እውነት። ከአልጋው አጠገብ ያለውን መሳቢያ ሳበችና ኪኒን የሚመስል የሚንት ከረሜላ አውጥታ በአባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

አቶ ሀይለየሱስ ከረሜላውን ለካሜራው አሳዩ፤ ወደ አፋቸው ወረወሩ፤ ጉንጫቸው ሥር ደበቁት፤ ውሃ ተጎነጩ፤ «አአ» አሉ። ዝማሬ ደረቷን ይዛ ተነፈሰች፤ ሳቀች፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እኔ ባልደውል ኖሮ ምን ትሆን ነበር?» አለች።

ያ የቆየው ነገር ፀደይን እንደገና ነከስ አደረጋት። ቅናት በአንድ ምሽት ጓዙን ጠቅልሎ አይወጣም። ብርጭቆውን የያዘ እጇ አሁንም በስክሪኑ ጥግ ይታያል። ይህን ጊዜ ከስክሪኑ በታች፣ ዝማሬ በማታይበት በኩል፣ ቀለበቱ ብረቱን ነካ። ኳ። ኳ። ፀደይ ተጠግታ ትከሻዋን ከአባቷ ትከሻ ጋር አገናኘች።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለች ዝማሬ።

«ንፋሱ ነው» አለች ፀደይ ቶሎ ብላ። «በሩን እየመታው ነው።»

ኪኒኑን ለእህቷ ለቃላታለች። ይህችን ግን አትሰጣትም።