የአባቴ ንፍፊት

ራሴን ላሞግስና፣ የታመመ ሰው አያስደነግጠኝም። ወገዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስሠራ ብዙ አይቻለሁ። የአባቴ እግር ግን አስደንግጦኛል፤ ድንጋጤዬን ለማንም አላሳየሁም እንጂ።

አባቴ ገብስ ሲወቁ እሾህ ተረከዛቸውን ወጋቸው። ነቅለው ጣሉትና ሥራቸውን ቀጠሉ። ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት ከወጣ በኋላ ነው። ቤት ስደርስ ጎረቤታችን ንፍፊቱን ሊተኩስላቸው ማጭድ እሳት ውስጥ ከቷል። አውጥቼ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ጎረቤታችን ተቆጣ፤ እኔ ደግሞ ከእሱ ብሼ ተቆጣሁ።

አባቴ ብሽሽታቸውን ለሴት ልጅ አያሳዩም።

«አላይም፤ እግርዎን ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው።

ተረከዛቸው መግል ቋጥሯል። ከዚያ ተነስቶ በባታቸው በኩል እንደ ገመድ የጠጠረ ትኩስ መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ወጥቶ ወጥቶ ደም ውስጥ ከገባ ሰው ይገድላል። መግሉን አፈሰስኩና የአንቲባዮቲክ መርፌ አዘጋጀሁ።

«ንፍፊቱ ላይ ውጊኝ እንጂ፤ በሽታው ያለው እዚያ» አሉ።

«ንፍፊቱ ዘበኛ ነው አባባ፤ ሌባው ተረከዝዎ ላይ ነው። መድኃኒቱ በደም ዞሮ እግርዎ ይደርስና፣ በሽታው በወጣበት ቦይ ተከትሎት ይወጣል።»

«ማሳ ላይ ለውኃ እንደምቀደው ፈሰስ?»

«እንደ ፈሰስ።»

ይኼ ገባቸው። ክንዳቸውን ሰጡኝ።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። የመስመሩ ጫፍ በዓይንም በእጅም አይለይም፤ ሕመሙ የት እንደሚያበቃ እሳቸው ነግረውኝ በእስክሪብቶ ማስመር አለብኝ። ነገ ከምልክቱ ካለፈ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል እወስዳቸዋለሁ፤ ከወረደ እዚሁ አክማቸዋለሁ። አባቴ ግን የትም ብጫናቸው «ደህና ነው» ይላሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ሲተርቱት ሰምቻለሁ፤ ለራሳቸው ሲሆን አመመኝ ማለት ነውር ነው።

«ከዋሹኝ በእኔ እጅ ነው የሚሞቱት» አልኳቸው።

ከጉልበታቸው ዝቅ ብዬ ስጫን፣ ፊታቸውን አዙረው «እዚህ» አሉ። አሰመርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ምልክቱ ላይ ተጫንኩ።

«ደህና ነው» አሉ።

ፈራሁ። ያው የለመዱት መልስ ነው፤ እንዴት ልመነው? እጄን ላነሳ ስል ያዙኝ። ጣቴን ራሳቸው ወስደው ቁርጭምጭሚታቸው አጠገብ አሳረፉት።

«እዚህ ግን፣ ልጄ፣ በጣም ያመኛል።»

በደስታ አለቀስኩ።