በውዱ ጠርሙስ የሞላሁት

ይህን ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእህቴም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ያወጣሁት ግማሹን ብቻ ነው። «ሰው አታልያለሁ፤ ርካሹን ውድ ብዬ ቀብቻለሁ» አልኳቸው፤ ጾምና ስግደት አዘዙልኝ፤ ቀኖናዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ሌላውን ግማሽ ዋጥኩት። ይህን ስታነቡ ልታዝኑልኝ የምታስቡ ካላችሁ ከአሁኑ ተዉት። የሚታዘንላት ሴት ሌላ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

ንፋስ መውጫ የሴቶች የውበት ሳሎን አለኝ። ሙሽራ አስውባለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ወርጄ አንድ የፈረንጅ ፋውንዴሽን፣ የፊት መቀቢያ፣ ገዛሁ። ስሙን አልጠራም፤ ስልክ ያላት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ቲክቶክ ላይ አንዷ ስትቀባው ሌላዋ ስትምልበት ይውላል። መዳፍ ለማትሞላ ለዚያች ጠርሙስ አንድ የሰባ ሙክት የሚገዛ ብር አወጣሁ።

አገሬ ስገባ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። እውነት ይህን ያህል ያወጣል? አንድ ቀን ግራ ጉንጬን በውዱ፣ ቀኝ ጉንጬን ከገበያ በገዛሁት በርካሹ ተቀባሁና ስሠራ ዋልኩ። የመጣችውን ደንበኛ ሁሉ «የትኛው ጎኔ ያምራል?» እያልኩ ጠየቅሁ። አንዷ ቀኙን አለች፤ ሌላዋ ግራውን። አንዲት አስተማሪ «ሁለቱም ያው ነው፤ ሥራ ፈታሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ያን ቀን እውነቱን አወቅሁ። የሚሸጡልን ስም ነው። ይህን ለሴቶቹ ብነግራቸው ምን ነበረበት? «እህቶቼ፣ ገንዘባችሁን በከንቱ አትበትኑ» ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር? አልነገርኩም። እውነቱን ለብቻዬ ያዝኩትና ነገድኩበት። ውዱ ሲያልቅ ጠርሙሱን አጥቤ ርካሹን ሞላሁበት፤ ካርቶኑን መስታወቱ ፊት አቆምኩት፤ «ኦርጅናል አለ» አልኩ። እሱም አልበቃኝ። ፊትን ቶሎ ቀላ እንዲያደርግ ብዬ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ቀላቀልኩበት። ክሬሙ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ክንዴ ላይ ሞክሬው አቃጥሎኛል። አቃጥሎኛል እላችኋለሁ! እያወቅሁ ቀላቀልኩት።

ሴቶቹስ? ወደዱት። «ኦርጅናል እኮ ከሩቅ ያስታውቃል» ይሉኝ ነበር። እኔም በሆዴ እየሳቅሁባቸው እቀባቸው ነበር።

ትርንጎ የመጣችው በጥር፣ ሰርጓ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ከከተማው ወጣ ካለ መንደር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። የሙሽራው እህቶች ከባሕር ዳር ስለሚመጡ እንዳይንቋት ፈርታ «ኦርጅናል ካልሆነ አልቀባም» እያለች እናቷን ስታስጨንቅ ሰንብታለች። እናቷ ወይዘሮ አገሬ ውዱንና ርካሹን ጠርሙስ ተራ በተራ እያነሱ አዩና፣

«ልጄ፣ ይሄ ከዚያ በምን ይበልጣል? ለኔስ አንድ መሰለኝ» አሉኝ።

ማንም ደንበኛዬ ጠይቃኝ የማታውቀውን አንዲት ገበሬ ሴት ጠየቁኝ። እኔስ ምን አልኩ? «እማማ፣ እርስዎ አያውቁትም፤ ይሄ ሌላ ነው» አልኳቸው። ትክክል ያዩትን ሴትዮ አላዋቂ አደረግኋቸው። አፈሩና ጠርሙሱን መልሰው አስቀመጡት።

ትርንጎን ለሙከራ ብዬ ቀባኋት። «ሳትታጠቢው እደሪ፤ ቆዳሽ ይልመደው» አልኳት። የገበያ ቀን ነበር። ከደጃፌ ስትወጣ እቴ ብርቄን አገኘቻቸው። እቴ ብርቄ የመንደሯ ሰው ናቸው፤ ሸክላ ሠርተው ድስትና እንስራ ይሸጣሉ። አገጯን ይዘው «እሰይ የኔ ልጅ! እንዴት አምሮብሻል!» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሙሽራዋን ላስውብ በባጃጅ ሄድኩ። ዳሱ ተጥሏል፤ ሰው ሞልቷል፤ ዘፈን ግን የለም። ወደ ጓዳ አስገቡኝ። የትርንጎ ፊት አብጦ ዓይኗ አልገለጥ ብሏል። ጉንጮቿ የፈላ ውኃ እንደፈሰሰባቸው ቀልተው ውኃ ቋጥረዋል። ወይዘሮ አገሬ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ምኑን ነው የቀባሻት?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል። ሳሎኔ ታየኝ፤ ስሜ ታየኝ። እናም እንዲህ አልኩ፦

«ትናንት ከኔ ዘንድ ስትወጣ ማን አያት?»

ይኸው ነው። ስም አልጠራሁም፤ ጣቴን አልቀሰርኩም። «እኔ ጠየቅሁ እንጂ ማንንም አልወነጀልኩም» እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ግን ማን እንዳያት አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ሸክላ ሠሪ በኛ አገር ምን እየተባለ እንደሚታማ አላውቅም ነበር? ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ትርንጎ ባበጠ ከንፈሯ እየተኮላተፈች «እቴ ብርቄ» አለች። «ቡዳ በልቷታል!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

እቴ ብርቄን እየጎተቱ አመጧቸው። ለሰርጉ የለበሱት አዲስ ነጠላ አቧራ ለብሷል።

«እንትፍ በይባት! ልቀቂያት!»

«ልጆቼ፣ ምን አደረግኋት? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ እኮ ናት!»

አንዱ ትከሻቸውን በዱላ መታቸው። እንትፍ አሉባት፤ እያለቀሱ። እኔ የሜካፕ ሣጥኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ አየሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አንድ ቃል! አላወጣሁም።

የባሰውም አለ። ወይዘሮ አገሬን ጠጋ ብዬ «ፊቷን በጠበል ደጋግማችሁ እጠቡት» አልኳቸው። ሃይማኖት ይዞኝ ይመስላችኋል? ቅባቱ መታጠብ እንዳለበት ስለማውቅ ነው። ታጠበች፤ በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ሟሸሸ። አገሩም «አያችሁ? እንትፍ ስትልባት ለቀቃት» አለ። የኔ ምክር የእሳቸው ጥፋት ማስረጃ ሆነ።

ትርንጎ ፊቷን ተሸፍና ተዳረች። እቴ ብርቄን ግን ከዚያ ወዲያ ንፋስ መውጫ ላይ አንድ ድስት የሚገዛቸው ጠፋ። እናቶች ሲያዩዋቸው የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም።

ዓምና ትርንጎ ለልጇ ክርስትና ልትዋብ ተመልሳ መጣች። ጉንጯ ላይ የጠቆረ ምልክት ቀርቷል። ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ያንን ኦርጅናሉን ቅቢኝ፤ እንደሱ ያለ አላገኘሁም።» ርካሹን ከራሱ ጠርሙስ አውጥቼ ቀባኋት። «ይሄማ ያው የገበያው ነው» ብላ ከንፈሯን ጣለች። ያቃጠላትን ስም እየናፈቀች ሄደች።

በዚያው ሳምንት አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ወረድኩ። እቴ ብርቄ አሁን የሚሸጡት እዚያ፣ የማያውቃቸው ሰው ዘንድ ነው። ድሮ «አንቺ» ነበር የምላቸው፤ ሸክላ ሠሪ አንቱ አይባልምና። ያን ቀን «እናቴ» ብዬ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ጠርሙሱን፣ ክሬሙን፣ ያቺን ጥያቄ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አላለቀሱም፤ አልተሳደቡም። ድስት የምታገላብጥ ገዢ ቆማ ስለነበር መጀመሪያ እሷን ሸኙ። ከዚያ ዞር ብለው፣

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ። «እኔ እንዳልበላኋት አውቃለሁ። ለማያውቁት ንገሪ።»

ተመለስኩ። አልነገርኩም። ዓመት ሙሉ አልነገርኩም። ደንበኛ ይሸሸኛል ብዬ ፈራሁ፤ ያ ዱላ ወደኔ ይዞራል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ያን ሁሉ ያለ አንዳች ጥፋት ተሸክመውታል።

እንግዲህ ለማያውቁት ተናገርኩ። በትርንጎ ሰርግ የበላችሁ የጠጣችሁ፣ ነጠላችሁን በልጆቻችሁ ፊት ላይ የምትስቡ፣ ስሙኝ። እቴ ብርቄ ምንም አላደረጉም። ልጅቷን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። ሴትዮዋን ያስደበደብኳቸው እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የናንተ አይደለምና። በመጪው የገበያ ቀን ንፋስ መውጫ ገበያ መሐል ቆሜ ይህንኑ በቃሌ እደግመዋለሁ። ከዚያ በኋላ ዱላችሁን ይዛችሁ የምትመጡበትን ታውቁታላችሁ። በሬን አልዘጋም።