ዘጠኝ ፊደል ያለው በሽታ

አንኮበር ገና የንጉሥ ከተማ ሳለች፣ ያለ መምህር ፊደል የለየ ሸማኔ ከእኔ በቀር አልነበረም። ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ እኔ ቤት ይመጣ ነበር።

በአንድ ክረምት የእኅቴን ባል ማስመለስና ማስቀመጥ ያዘው። በሁለተኛው ቀን መቆም አቃተው። እኅቴ ሦስት ልጆች ነበሯት፤ እሱ ከሞተ የሚያርስላት ሰው የለም። አንድ ፈረንጅ ሐኪም ተለምኖ መጣና ሆዱን ዳስሶ ተመለሰ። በማግስቱ አንዲት ብልቃጥ ቅባትና አስተርጓሚው በአማርኛ የጻፈውን ወረቀት በአሽከር ላከ። አሽከሩ ዕቃውን አድርሶ ሄደ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«ሕመሙ ጋስትሮኤንቴሪቴ ነው፤ የጨጓራና የአንጀት መቆጣት። ሆዱን ይቀባ። አይጠጣም።»

ጠያቂው ሁሉ እየሰማ ያንን ረጅም ስም ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ፊደል። መጀመሪያ ጋስ፣ ትሮ፣ ኤን፣ ቴ፣ ሪ፣ ቴ እያልኩ በዝግታ፣ ቀጥሎ በአንድ ትንፋሽ አልኩት። ከዚያም ፈታሁት። «ጋስትሮ» ጨጓራ፣ «ኤንቴር» አንጀት፣ የቀረችው ጅራት መቆጣት ናት አልኩ። ማንም አልነገረኝም፤ ኋላም ትክክል ሆኖ ተገኘ።

የበሽተኛው የንስሐ አባት ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ትተው ነበር። የመጨረሻዋን ቃል አጥብቄ ይሁን አላልቼ እንዳነበብኳት ጠየቁኝ። አላልቼ ነው አልኳቸው።

«ልጄ፣ ፊደል ለይተሃል። ንባብ ግን ከመምህር አፍ ነው» አሉ።

«አባ፣ በዘጠኝ ፊደል ያልወደቅኩ በአምስት እወድቃለሁ?» አልኳቸው። ሰው ሳቀ።

ውሃ ከለከልነው። ሆዱን ቀባነው። እኅቴ ከንፈሩ መሰንጠቁን እያሳየች ጨርቅ ነክራ እንድታረጥብለት ለመነችኝ፤ የተጻፈው ተጽፏል ብዬ እንስራውን ከቤት አስወጣሁ። ውሃ በከለከልነው በሦስተኛው ቀን ምላሱ ደርቆ መናገር አቃተው። በአራተኛው ቀበርነው።

ከሳምንት በኋላ አስተርጓሚውን ገበያ ላይ አገኘሁት። የበሽታውን ስም ሳልደናቀፍ ስልለት ተደነቀ፤ የቃሉን ፍቺም እንደ ተማረ ሰው አገኘኸው አለኝ። በሽተኛው እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። መሞቱን፣ ውሃም እንዳላስቀመስነው ነገርኩት።

«አይጠጣም ያልኩት ቅባቱን ነው» አለ፣ «ጠ»ንም «ጣ»ንም አጥብቆ። «ውሃማ መጠጣት ነበረበት።»

ላልቶ ሲነበብ ሰውየው አይጠጣም፤ ጠብቆ ሲነበብ መድኃኒቱ አይጠጣም። በጽሕፈት ሁለቱ አንድ ናቸው። እኔ አላልቼ ያነበብኩት ከበላዩ «ሆዱን ይቀባ» ስለሚል ነው፤ ማንም ሰው ቢሆን ስለ በሽተኛው የተጻፈ ይመስለዋል። ይህን ለአስተርጓሚው ነገርኩት።

በዚያው ቀን እኅቴ ዘንድ ሄድኩ። ለዘር የሚሆን ገብስ ትለቅም ነበር። ቃሉን መጀመሪያ አላልቼ፣ ቀጥሎ አጥብቄ አልኩላት። ፊደል የማታውቀው እኅቴ ልዩነቱን ወዲያው ሰማችው።

«አያ፣ በእጁ ቀሚሴን ይዞ ነበር የለመነኝ» አለች። ወደ ገብሱ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሲመጣላት ደጄን አልፋ፣ የአንድ ቀን መንገድ ተጉዛ ደብረ ብርሃን ታስነብብ ነበር። ስታልፍ ከሸማዬ ቀና ብዬ አያታለሁ። እስከዚያ ድረስ ባለው መንገድ ከእኔ የተሻለ አንባቢ አልነበረም።