የሰባኪው ትኩስ መዳፍ

ሰባኪው ሰባኪ አይደለም። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ሸራና የዘይት ማጣሪያ ሲያወርድና ሲሰቅል ይውላል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ሲሞትና ሰው ሲዳር ብቻ ነው። ስሙ የወጣለት ኮሌጅ ሳለ፣ የእግር ኳስ ቡድኑ አምበል በነበረበት ጊዜ ነው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ተጫዋቾቹን ክብ ያሠራና ይጸልይላቸው ነበር፤ ምላሱ ማር ስለነበረ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲረግጡና ሲሳደቡ የሚውሉት ጎረምሶች ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡት ነበር። የወጣ ስም እንደ ማልያ አውልቀው አይጥሉትም። ጸሎቱ ቀረ፤ ስሙ ቀረለት።

ከዚያ ቡድን እስከ ዛሬ የሚገናኙት እሱን ጨምሮ ሦስት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጥይት የልብስ ስፌት ቤት ይሰበሰባሉ። አንዱ በረኛው ግንቡ ነው፤ ዛሬ ዳቦ ቤት አለው። ድሮ ጎሉን በእጁ ይሸፍን ነበር፣ አሁን በሆዱ ይሸፍነዋል እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ያመጣውን ትኩስ ዳቦ ራሱ እየገመጠ ይስቃል። ሌላው የስፌት ቤቱ ባለቤት ጥይት ነው፤ የቡድኑ ቀኝ ክንፍ። ኳስ ይዞ ሲነሳ ተከላካዮች ጀርባውን ብቻ ነበር የሚያዩት። አሁን ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም። የስፌት መኪናውን በግራ እግሩ ብቻ ይረግጣል፤ ቀኙን ወደ ጎን ዘርግቶ በርጩማ ላይ ያሳርፈዋል። አዲስ ደንበኛ ሁሉ ሲገባ ይደናቀፍበታል፤ ጥይትም ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ «ይቅርታ፣ እሱ ጡረታ የወጣ ነው» ይላል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ቤት ግን ተረቱ ተገልብጧል። ጥይት ስለ ጉልበቱ ሲያወራ ፊቱ ይበራል፤ አንገቱን የሚደፋው ሰባኪው ነው።

ምክንያቱም ጥይት በየቅዳሜው ያችኑ ታሪክ ያነሳል። የዋንጫው ጨዋታ ቀን ጉልበቱ አብጦ መልበሻ ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ሰባኪው ይገባል። በባዶ ጉልበቱ ላይ እጁን ይጭናል፣ ይጸልያል።

«እሳት ነው የወረደብኝ» ይላል ጥይት፣ መርፌው ላይ ክር እያስገባ። «እሳት። እስከ አጥንቴ ገባ። እኔ እኮ እስከዚያ ቀን ድረስ አሜን የምለው ሌላው ሲል ሰምቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው እግዚአብሔር የለም ቢለኝ እስቃለሁ። እንዴት የለም? ጉልበቴን ነክቶኛል!»

«ጎሉንስ?» ይላል ግንቡ፣ መልሱን እያወቀ።

«ጎሉንማ ራሱ እግዚአብሔር ነው ያገባው። እኔ እግር ብቻ ነው ያዋስኩት።»

ከጎሉ በኋላ የሆነውን ጥይት ቶሎ ብሎ ያልፈዋል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ፣ ከሜዳ በቃሬዛ ወጣ፣ ዳግመኛም ኳስ አልነካም። «ጉልበቴን ወሰደ፣ ራሱን ሰጠኝ፤ አልከሰርኩም» ይልና መኪናውን መርገጥ ይጀምራል።

ሰባኪው የሚያውቀው ግን ሌላ ነው። ያን ቀን አሰልጣኙ ወደ ኮሪደር ጎትቶ አወጣውና «ጥይት ካልገባ ዋንጫውን እርሳው። ሐኪም አይግባ ብሏል፤ አንተን ግን ይሰማሃል» አለው። ሰባኪው ያን ጊዜ የገዛ ጭኑን በሚያሞቅ ቅባት እያሸ ነበር፤ ያ ተጫዋቾች ጡንቻቸውን የሚያፍታቱበት፣ ቆዳ የሚለበልበው ቅባት። እጁን ሳይታጠብ ገባ። ክፍሉ ሁሉ ያው ቅባት ያው ሽታ ስለሆነ ማንም ልብ አላለም። እጁን ጫነ፣ ጸሎቱን አሳመረ፤ ጥይትም ዓይኑን እንደጨፈነ «ይሞቃል… ወንድሜ፣ ይሞቃል!» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ሰባኪው እዚያው ገባው። ቅባት ነው ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ትንፋሹን ያወጣው «ተነስ» ብሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሊናገር ተነስቶ ተቀመጠ። ጉልበቱን ወስጄበት እምነቱንም ልውሰድበት? ይላል ለራሱ። ጥሩ ሰበብ ነበረች፤ ያገለገለችውን ያህል የሱቁ ሸቀጥ እንኳ አላገለገለውም። እውነቱ ግን ፈርቷል። ጥይት በዓለም ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ እሱን በተለየ ዓይን ያየዋል፤ ያንን ዓይን ማጣት አልፈለገም። ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ፤ ሆዱም ፈጀው።

በዚህኛው ቅዳሜ የጥይት ልጅ ገባች። የመጨረሻ ልጁ ናት፤ እሷም ኮሌጅ ገብታ ኳስ ትጫወታለች፣ እሷም ቀኝ ክንፍ ናት። ሰባኪው ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ስታነክስ አየ። አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ነው የሚያነክሱት።

«መጣችልህ» አለ ጥይት፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ አባት በርቶ። «ነገ የዋንጫ ጨዋታ አላት። ሐኪሙ ጅማቷ ተጎድቷል፣ እረፊ ብሏታል። እኔ ደግሞ ያባትሽን ሐኪም አሳይሻለሁ አልኳት። በል፣ እጅህን ጫንባት።»

«ኧረ ተው፣ እኔ እኮ ድሮ ነው…»

«ድሮ የሠራ ዛሬ አይሠራም? እግዚአብሔር አላረጀም!»

ግንቡ «አንተ ደግሞ ስትለመን ትኮራለህ» ብሎ ቁራሽ ዳቦ አፉ ውስጥ ጨመረ። እሱ ነገሩን እንደ ቀልድ ነው ያየው።

ልጅቱ የጨርቅ ጣቃዎቹ ላይ ተቀመጠች፤ ሱሪዋን ወደ ላይ ሰብስባ ፋሻዋን መፍታት ጀመረች። ጉልበቷ አብጧል። ያበጠበት ቦታ እንኳ ያው የአባቷ ቦታ ነው። ሰባኪው ዓይኑን ከዚያ ነቅሎ በርጩማው ላይ የተዘረጋውን የጥይትን እግር አየ፤ ከዚያም መልሶ የሷን።

«ጋሼ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እውነት ይሞቃል? ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግኩት። ከሞቀኝ እገባለሁ ብዬ ለአሰልጣኜ ነግሬዋለሁ።»

ካልሞቃት አትገባም። ይኼ ቀላል መውጫ ነበር። እጁን ጭኖ፣ ጸልዮ፣ አልሞቀሽም? እንግዲያው ፈቃዱ አይደለም ብሎ መገላገል ይችላል። ሰባኪው ይህን አሰበና በራሱ አፈረ፤ ሲዋሽ የኖረ ሰው እውነት የሚናገርበት ቀን ሲመጣ እንኳ መጀመሪያ የሚፈልገው ሌላ ውሸት ነው። ደግሞስ ልጅቱ እንዲሞቃት ቋምጣለች። ቀዝቃዛ እጅም ቢሆን ይሞቃታል።

ፋሻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ቅባቱን አየው። ስሙ ተቀይሯል፣ ማሸጊያው አምሯል፤ ቅባቱ ግን ያው ነው።

«እስቲ አቀብይኝ» አላት።

መዳፉ ላይ ጨመቀው፣ ሁለቱን እጆቹን እስኪለበልበው ድረስ አሻቸው። ወደ ልጅቱ ግን አልሄደም። በጥይት በርጩማ አጠገብ ተንበረከከ፣ የጓደኛውን ሱሪ ወደ ላይ ጠቀለለ። ያንን ጉልበት ከዚያ ቀን ወዲህ ነክቶት አያውቅም። የጠባሳው ስፌት እንደ ተጣመመ ዚፕ ይሻክራል።

«ከኔ ትጀምራለህ?» አለ ጥይት እየሳቀ፤ መቀሱን አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

ሰባኪው እጁን ጫነ። አልጸለየም። ጠበቀ። 

«ይሞቃል» አለ ጥይት ፈገግ ብሎ። «አየሽ ልጄ? ያው ነው። ልክ እንደ…»

ቃሉን አልጨረሰውም። በዚህ ክፍል ውስጥ የሚሸተው አዲስ ጨርቅና የስፌት መኪና ዘይት ነው፤ ይኼኛውን ሽታ የት እንደሚያውቀው አፍንጫው ቀድሞት ደረሰበት። ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ የሰባኪውን እጅ፣ ከዚያ መሬት ላይ የወደቀውን የቅባቱን ክዳን አየ።

«ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም።»

«ታውቅ ነበር?»

«ይሞቃል ስትል አወቅኩ» አለ ሰባኪው። ድምፁ የሱ አይመስልም። «ካወቅኩ በኋላ ነው ተነስ ያልኩህ።»

ግንቡ ማኘኩን ተወ። ልጅቱ በሁለት እጇ ጉልበቷን ያዘች። ጥይት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ያልተጨረሱ ኮቶች ሲያይ ቆየ፤ አንዱ እጅጌ የለውም። ሰባኪው ስድብ ጠበቀ፣ ጥፊም ጠበቀ፤ ቢመታው ደስ ባለው።

«ፋሻሽን እሰሪ» አላት ጥይት ልጁን በመጨረሻ። «ነገ ተቀያሪ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። እኔም መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

«እሺ፣ አባዬ።»

ሰባኪው ሊነሳ እጁን ማንሳት ጀመረ።

«እጅህን አታንሳ» አለው ጥይት።

አላነሳም። ጥይት ሳይቆጣ፣ የደንበኛ ልክ እንደሚወስድ ሰው ቀስ ብሎ አሰበ።

«እንዲያ ከሆነ፣ እዚህ ጉልበት ላይ እስከ ዛሬ ከልቡ የጸለየ ሰው የለም ማለት ነው» አለ። «በል እንግዲህ፣ ጸልይ።»

ሰባኪው አፉን ከፈተ። ያ ስንቱን ጎረምሳ አንገት ያስደፋ ምላስ «ጌታ ሆይ» አለና እዚያው ቆመ። የሚቀጥለውን ቃል ፈለገው፤ ያን ቀን ያን ሁሉ ያማረ ቃል ከየት እንዳመጣው አሰበና እንባው መጣ። ቅባቱ መዳፉን እያቃጠለው ነበር። ጥይት ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቀዋል።